ከብርብራ እስከ ጦስኝ፦ የዕፅ መኖ፣ የዓሣ አንጀትና የደጋ ኩሬ

በሀገራችን ወንዞች ዳር ዕፅና ዓሣ የሚተዋወቁት በክፉ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ አጥማጁም በእጁ ይለቅመዋል። ወደ ጣና በሚገቡ ወንዞች ዓሣ ለመራባት ሽቅብ በሚወጣበት ወቅት በዚህ ዘዴ እንደሚጠመድ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ብርብራ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ሕዋሳት በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩበትን መንገድ ይዘጋል። እንዶድም ከዚሁ ወገን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ግርጌ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለበሽታው መከላከያ ምርምራቸውን ጀመሩ። ይሁን እንጂ የእንዶዱ ሳፖኒን ዓሣንም የሚገድል መሆኑ ከእንከኖቹ አንዱ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል።

ዛሬ የዓሣ እርባታ ምርምር የሚጠይቀው የዚህን ግልባጭ ነው። ዕፅን፣ ቅጠልን፣ ቅመምን ከመኖ ጋር ቀላቅሎ በዓሣው አንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ወደ በጎ ማዘንበል ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ዓሣው ፈጥኖ ያድጋል? በሽታ ይቋቋማል? በጉዳዩ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በየዓመቱ ይበዛል፤ መልሱ ግን እንደ ጽሑፉ ብዛት አልጠራም። አንዱ ምክንያት በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች አንድ አለመሆናቸው ነው።

በአንድ ስም ሦስት ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከገበያ ነው። የእርባታ ዓሣ ለረጅም ጊዜ የተቀለበው ከባሕር በተጠመደ ትንንሽ ዓሣ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ እየተወደደ ሲሄድ አኩሪ አተርና ሌሎች የቅባት እህሎች ተተኩ። በ1990ዎቹ ታዲያ በአኩሪ አተር የተቀለበ ሳልመን የኋለኛው አንጀቱ እንደሚቆጣ ታወቀ፤ በ1991 እና በ1996 የወጡ ጥናቶች የአንጀት ብግነቱን በዝርዝር ገለጹት። በተጠርጣሪነት በግንባር ከቀረቡት መካከል ሳፖኒን ይገኝበታል። ንጥረ ነገሩ ከእንዶዱ ዘመድ መሆኑን ልብ ይሏል። እዚህ ላይ ዕፅ ማለት ፕሮቲን ነው፤ ከመኖው ሩቡን ወይም ግማሹን ሊይዝ ይችላል። በአንጀት ባክቴሪያ ላይ የሚያደርሰው ለውጥም ታስቦበት የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሕግ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያነት ከመኖ ጋር የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከለከለ። የመኖ ነጋዴውም ተመራማሪውም ምትክ ፍለጋ ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ጦስኝ ዞሩ። እዚህ ዕፅ ማለት መድኃኒት ነው። መጠኑ በአብዛኛው ከመኖው ጥቂት ከመቶ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያንሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው ከሰው ሕክምና ነው። ጊብሰንና ሮበርፍሮይድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 «ፕሪባዮቲክ» የሚለውን ስም አወጡ። ሐሳቡ ጎጂውን ባክቴሪያ ከመግደል ይልቅ ጠቃሚውን መቀለብ ነው። ባለቤቱ ሊፈጨው የማይችለው፣ ባክቴሪያው ግን የሚበላው ኢኑሊንን የመሰለ አሰር ለዚህ ይውላል። እዚህ ዕፅ ማለት ለባክቴሪያው የተላከ ስንቅ ነው።

ፕሮቲን፣ መድኃኒትና ስንቅ በሚሠሩበት መንገድም በሚለኩበት መስፈርትም ይለያያሉ። ነጭ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያ የሚጎዳ አሊሲን አለው፣ ባክቴሪያ የሚቀልብ ፍሩክታንም አለው። ስለዚህ «ነጭ ሽንኩርት የአንጀት ባክቴሪያን ለወጠ» የሚል ውጤት ሲወጣ በየትኛው በኩል እንደሠራ ገና አልተነገረንም።

የዓሣ ሆድ የበሬ ሆድ አይደለም

ከብት አርቢ ሕዝብ ስለ ሆድ ባክቴሪያ ሲነገረው ግራ አይጋባም፤ በሬ ገለባ በልቶ የሚሰባው ጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚሠሩለት ነው። ነገሩን ቀጥታ ወደ ዓሣ መውሰድ ግን ያሳስታል። ቀረሶ (ቲላፒያ) አረንጓዴ ውሃ እየማገ አልጌ የሚበላ ዓሣ ነው፤ የአልጌውን ግድግዳ የሚሰብርለት ግን በዋናነት የራሱ አሲድ ነው። ሞሪያርቲ በ1973 በኡጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ ባወጣው ጥናት የቀረሶ ጨጓራ አሲድነት ፒኤች 1.4 ድረስ እንደሚወርድ አሳየ። በእኛም ሀገር ጌታቸው ተፈራ በሐዋሳ ሐይቅ ቀረሶ ላይ የጨጓራውን አሲድነትና የአመጋገብ ሰዓቱን አጥንቶ በ1989 አሳትሟል። እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ የሚያልፍ ባክቴሪያም ሆነ የቅመም ዘይት ሳይነካ አንጀት ይደርሳል ብሎ መገመት አይቻልም።

ካርፕ ደግሞ ጭራሹን ጨጓራ የለውም። የበላው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ይገባል። ሁለቱ ዓሦች በአንድ ኩሬ አንድ መኖ ቢበሉ እንኳ መኖው ውስጣቸው የሚያልፍበት መንገድ ይለያያል። ብዙ የዳሰሳ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ለደጋ አርቢ ግን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ባክቴሪያው ለዓሣ ምን ይሠራል? ከጠሩት ማስረጃዎች አንዱ ስለ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ላቬልና ሊምሱዋን በ1982 ቀረሶ ይህን ቫይታሚን ከመኖው ባያገኝም አንጀቱ ውስጥ እንደሚሠራለት አሳዩ። በኋላ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በእነ ካርፕና ቀረሶ አንጀት በብዛት የሚገኘው ሴቶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ቢ12 እንደሚያመርት አረጋገጡ። በ2004 ደግሞ ራውልስና ባልደረቦቹ ከማንኛውም ባክቴሪያ ነጻ ሆኖ ያደገ ዜብራ ዓሣን ባክቴሪያ ካለው ጋር አነጻጽረው የ212 ጂኖች እንቅስቃሴ በባክቴሪያው መኖር እንደሚለወጥ አገኙ፤ ከአንጀት ሽፋን መታደስ፣ ከምግብ አጠቃቀምና ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙ ጂኖች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ስለዚህ ባክቴሪያው መንገደኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

አንጀት ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚወስነው ማን ነው የሚለው ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። እነ ራውልስ በ2006 የአይጥን አንጀት ባክቴሪያ ለዓሣ፣ የዓሣውን ለአይጥ ሰጥተው ሲያዩ የእንግዳው ስብስብ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቱ ልማድ አዘነበለ። ይህ መራጩ ባለቤቱ ነው ለሚሉት ይመቻል። በሌላ በኩል እነ ጃትሲስ በ2015 የቀረሶ ጫጩቶችን በሁለት ዓይነት የውሃ አያያዝ አሳድገው የአንጀታቸው ስብስብ እንደ ውሃው እንደተለያየ አሳዩ። ይህ ውሃው ነው ለሚሉት ይመቻል። መኖ በዚህ ክርክር ሦስተኛ ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሞከረው እሱ ብቻ ነው።

ይሠራል የሚሉት

ደጋፊዎቹ ከሚጠቅሷቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ የግብፅ ነው። በ2006 የወጣው ይህ ጥናት ለቀረሶ በኪሎ መኖ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ግራም ነጭ ሽንኩርት እየሰጠ፣ ጎን ለጎን ክሎራምፌኒኮል የተባለውን አንቲባዮቲክ ሞከረ። በ30 ግራሙ የተቀለቡት ከነጭ ሽንኩርቱ ምድብ የተሻለ አደጉ፤ የአንጀት ባክቴሪያቸው ቁጥርም ቀነሰ። ያኔ የቁጥሩ መቀነስ እንደ ድል ተቆጠረ። ዛሬ አንባቢው «የቀነሰው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነጭ ሽንኩርቱ ሳይሆን ጥያቄያችን ነው።

ሌላው የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እነ ፍራንሲስ ኪላያ ከሚባል የደቡብ አሜሪካ ዛፍ የወጣ ሳፖኒንን በኪሎ መኖ 150 ሚሊ ግራም ብቻ ለካርፕ ሰጥተው የተሻለ እድገት አዩ። በውሃ ሲበተን ዓሣ የሚገድለው፣ በብዛት ሲበላ የሳልመንን አንጀት በማስቆጣት የሚጠረጠረው ወገን በጥቂቱ ሲሰጥ አሳደገ። የዕፅ ተጨማሪ ጥናት ሁሉ ፈተና በዚህ አንድ ንጥረ ነገር ታሪክ ውስጥ አለ፤ የዕፁን ስም ብቻ ጠርቶ መጠኑን የማይናገር ምክር ለአርቢ ምንም አልነገረውም።

በጎ ውጤት ከሚያሳዩት ውስጥ ብዙዎቹ ግን አንጀቱን ፈጽሞ አላዩም። ዓሣው ክብደት ጨመረ፣ ደሙ ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት በዙ፣ ኤሮሞናስ የተባለው በሽታ አምጪ ሲወጋ የሞተው ጥቂት ሆነ ይላሉ፤ ከዚያ ምክንያቱን ለባክቴሪያው ይሰጡታል። ቅመሙ መኖውን አጣፍጦለት ዓሣው አብዝቶ በልቶስ ቢሆን? ሐሞቱን አብዝቶለትስ ቢሆን? እነዚህም በጥናት የቀረቡ ማብራሪያዎች ናቸው።

የሚጠራጠሩት

ተጠራጣሪዎቹ እጅ ላይ ያለው ብርቱ ምስክር ከቺሊ የመጣ ነው። በ2010 የወጣው የእነ ናቫሬቴ ጥናት የጦስኝን ዘመድ ዘይት ለትራውት መግቦ የአንጀቱን ባክቴሪያ በዘረ መል ዘዴ ሲያይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። የባሰው ደግሞ በቤተ ሙከራ ሲፈተን ዘይቱ የዓሣውን ነባር ባክቴሪያዎች የሚጎዳበት መጠን በሽታ አምጪዎቹን ከሚጎዳበት ብዙም አለመራቁ ነው። ዘይቱ መርጦ ይገድላል የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። በኖርዌይ በኩል እነ ኦልሰን በ2001 አርክቲክ ቻር ለተባለ ዓሣ ከመኖው 15 ከመቶ ኢኑሊን ሲሰጡ የአንጀቱ ሕዋሳት ተጎድተው አገኙ። ለሰው «ጠቃሚ አሰር» የተባለው ለሥጋ በል ዓሣ ሸክም ሆነ።

የመለኪያውም ነገር አለ። የዘረ መል ንባብ የሚነግረን ድርሻን ነው፤ አንዱ ወገን ከ20 ከመቶ ወደ 40 ሲወጣ እሱ በዝቶ ይሁን ሌላው ሞቶ አይለይም። የሞተ ባክቴሪያ ዘረ መልም ይነበባል። ቀረሶ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ አንጀቱ ውስጥ ሳይኖባክቴሪያ ሲገኝ ነዋሪ ነው ወይስ ምሳው? ዓሣው የሚበላው እሱኑ ነውና።

በእኔ ሚዛን ጥርጣሬው ያመዝናል፤ ዕፁ አይሠራም በሚለው ሳይሆን «ባክቴሪያው ተለወጠ» ከሚለው «ዓሣው ተጠቀመ» ወደሚለው የሚሻገሩበት ድልድይ ስላልተሠራ ነው።

ከሐዋሳ እስከ ጣና

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ባዶ እጇን አይደለችም። ነጋሽ በረደድና ባልደረቦቻቸው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በተከታታይ ሦስት ሥራዎች አውጥተዋል። የ2020ው የሐዋሳንና የጫሞን ቀረሶ አንጀት አነጻጸረ። የ2021ዱ የጣናን ቀረሶ ባሕር ዳር ካለው የእርባታ ማዕከል ቀረሶ ጋር፣ በየወቅቱ ናሙና እየወሰደ ተከታተለ። የ2022ቱ በከፍታ የሚለያዩ ሐይቆችን ቀረሶ ተመለከተ። ከሦስቱም የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ዓይነት ዓሣ በተለያየ ውሃ የተለያየ የአንጀት ማኅበር እንዳለው ነው።

እነዚህ ሥራዎች የዕፅ ተጨማሪን አልሞከሩም፤ ዓላማቸውም አልነበረም። ለክርክሩ ያላቸው ዋጋ ግን ትልቅ ነው። የሐዋሳ ቀረሶ ከጫሞው፣ የጣናው ከባሕር ዳር ገንዳው ከተለየ፣ በግብፅ ገንዳ ነጭ ሽንኩርት ያመጣው ለውጥ በወሎ ኩሬ ይደገማል ብሎ ለመናገር መነሻው ራሱ ሌላ ነው። በመኖ ጥናት ሰበታ ያለው የብሔራዊ ዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዓመታት የሠራው በአብዛኛው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ፋጉሎን፣ ፉርሽካንና የመሳሰለውን እንዴት ወደ ዓሣ ሥጋ እንለውጥ በሚለው። የሀገር ውስጡ የመኖ እውቀትና የአንጀት ባክቴሪያ እውቀት ገና ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች ናቸው።

ከመካነ ሰላም ሲታይ

መንግሥት በ2022 መጨረሻ የሌማት ትሩፋትን ሲጀምር ዓሣ ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር ተቆጥሯል። ለደቡብ ወሎ ዓሣ እንግዳ አይደለም፤ ሐይቅ ሐይቅ ላይ ቀረሶ የተጨመረው በ1978 ነው። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ቴይለርና ዝናቡ ገብረ ማርያም በ1992 የሐይቁ ውሃ ከቀድሞው ጥራቱ ወደ አረንጓዴነት መለወጡን ጽፈዋል። አንድ ዓሣ ሲገባ የውሃው ማኅበር አብሮ ሊናወጥ እንደሚችል ለማየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቦረናና ሳይንት ሲኬድ ነገሩ ሌላ ነው። የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀረሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ16 እና ከ17 በታች መብላቱን ያቆማል። የማይበላን ዓሣ አንጀት በመኖ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ቀረሶና አምባዛ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ሲወርዱ፣ ለደጋው ብርድ የሚችለው ካርፕ ይቀራል፤ ጨጓራ የሌለው ካርፕ። በዓለም ላይ የዕፅ ተጨማሪ ጥናት እጅግ ከበዛባቸው ዓሦች አንዱ ግን ቀረሶ ነው፤ ሙከራውም በሞቀ ገንዳ የሚካሄድ ነው። ለደጋው ኩሬ የሚጠቀሰው ማስረጃ በአብዛኛው ከሌላ ዓሣና ከሌላ ሙቀት የተወሰደ ይሆናል።

በእጅ ያለው ምንድን ነው? ጦስኝ አለ፤ የኢትዮጵያ ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉትን፣ በውጭ ሀገር ተጨማሪዎች የሚሸጡትን ንጥረ ነገሮች የያዘ ነው። ነገር ግን የአንዱ ተራራ ጦስኝ ከሌላው በዘይት ይዘቱ ይለያያል፤ ሰውም ለሻይ ይፈልገዋል። ነጭ ሽንኩርት ገበሬው ሸጦ ጨው የሚገዛበት ነው፤ ከኪሎ መኖ ላይ 30 ግራም እየጣለ ለዓሣ የሚሰጥ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የኑግ ፋጉሎ ሌላ ጉዳይ ነው። አሰሩ የበዛ፣ ፕሮቲኑም ደህና የሆነ መኖ ነው፤ አደጋውም አለ። በ2016 የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከወሰዳቸው 110 የወተት ናሙናዎች አብዛኞቹ ውስጥ ከአውሮፓ ወሰን ያለፈ አፍላቶክሲን አገኘ፤ ከመኖዎቹ ዋናው ተጠያቂም የኑግ ፋጉሎ ሆነ። ሻጋታ የገባበት ፋጉሎ ላይ ጦስኝ መነስነስ ቅደም ተከተሉን መሳት ነው።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ አተላ ነው። በየሙከራው በውድ የሚገዛው «የእርሾ ግድግዳ» አተላ ውስጥ ሞልቷል። የእህሉ አሰር አለ፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አለ፣ በላዩም የጌሾ ቅሪት አለ፤ ጌሾ በቤተ ሙከራ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን የሚገታ ዕፅ ነው። ማለትም መኖው፣ ስንቁና መድኃኒቱ ባንድ እንስራ ተቀላቅለው የሚወጡበት ነገር ነው። በቦረና ጠላ የሚጠመቅበትም የማይጠመቅበትም ቤት ጎን ለጎን ነውና አተላ ለሁሉ አይደርስም፤ ቶሎ ይበላሻል፤ ከመጠን በላይ ኩሬ ውስጥ ሲደፋም ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ሌሊት ላይ ዓሣው አፉን ከውሃ አውጥቶ ይታያል።

የተፈጨ ፋጉሎን ማብላላትም እዚሁ ይገባል። ማብላላት ፋይቴትንና ሌሎች አንዳንድ ፀረ ምግብ ንጥረ ነገሮችን ይቀንሳል፤ ፋይቴትን የሚሰብረው ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም የተለመደው ዓይነቱ በአሲድ ውስጥ ሲሆን የሚበረታ በመሆኑ ደግሞ ጨጓራ ለሌለው ካርፕ ሥራው ከመብላቱ በፊት ቢያልቅለት ይመረጣል። በደጋ ብርድ ግን ቡኮው ስንት ቀን ይፈልጋል? የእንጀራ ሊጥ እንኳ በክረምት እንደሚዘገይ የማያውቅ ቤት የለም።

አተላን በካርፕ ላይ መሞከር ውድ መሣሪያ አይፈልግም። መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ የኩሬ ውሃ ሙቀት መመዝገብና ዓሣ መመዘን ከተማሪ አቅም በላይ አይደለም። አተላው ዓሣውን የሚያሳድገው ሕያው ባክቴሪያና እርሾ ስላለው ነው ወይስ የደከመ እህል ቢሆንም እህል ስለሆነ? ለዚህ ከአንድ ቤት የወጣ አተላ ለሁለት ይከፈልና አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ተቀቅሎ፣ ተመሳሳይ ውሃ ባላቸው ኩሬዎች ለካርፕ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ምድብ ያለ አተላ በፋጉሎና በፉርሽካ ብቻ ይቆያል። ኩሬዎቹ በየምድቡ ቢያንስ ሦስት ሦስት መሆን አለባቸው፤ አንድ አንድ ከሆኑ የሚለካው የኩሬው ዕድል ነው። የተቀቀለውና ያልተቀቀለው እኩል ካሳደጉ፣ ሕያው ባክቴሪያው ያን ያህል አላደረገም ማለት ነው፤ ቢበዛ የሞተው እርሾ ግድግዳ ስንቅነቱ ይቀራል፤ እሱንም ለመለየት አራተኛ ምድብ ሊያስፈልግ ነው።